ለኩላሊት ተብለው የሚሸጡ ዕፅዋት ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ፦ የትኛው ይገዛ፣ የትኛው ይቅር

በደሴ ሰኞ ገበያ የቅመም መደቦችም ሆነ በኮምቦልቻ የባህል መድኃኒት በሚሸጥባቸው ትንንሽ ሱቆች «ለኩላሊት ምን አላችሁ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። የጥቁር አዝሙድ ዘይት በጠርሙስ፣ የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ፣ እርድ ተመዝኖ፣ ከርከዴ በፌስታል ይቀርብለታል። ከእነዚህም ሌላ ምን ምን እንደገባበት የማይነገር «የኩላሊት ቅይጥ» በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ይሰጠዋል። ይህ ግምገማ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ኩላሊቱን እንዳይጎዳበት ብሎ ከእነዚህ አንዱን ቢገዛ ገንዘቡ ይጠቅመዋል ወይስ ሌላ ጉዳት ይጨምርበታል?

ፍርዱን ከፊት እናስቀድም። የጥቁር አዝሙድ ፍሬ በምግብ መጠን ቢገዛ አያስቆጭም። ሽፈራውና እርድ ለወጥና ለሻይ ይገዙ እንጂ ለኩላሊት ጥበቃ ተብለው ዋጋ አይከፈልባቸው። ስም የሌለው ቅይጥ ጭራሽ አይነካ። ጄንታማይሲን የሚባለውን የጸረ ባክቴሪያ መርፌ የሚወጋ ወይም ዳይክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በየቀኑ የሚውጥ ሰው ኩላሊቱን የሚጠብቅለት ግን ከእነዚህ አንዱም አይደለም። የሚጠብቀው ትክክለኛ የመድኃኒት መጠን፣ በቂ ውሃ እና በጊዜው የታየ የክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህ ለምን እንደሆነ ለማሳየት የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ «ኩላሊቴን አመመኝ» የሚለው አነጋገር መጥራት አለበት። በዚህ ስም የሚጠራው ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የወገብ ጡንቻ ወይም የአከርካሪ ሕመም ነው፤ ኩላሊት ባለበት አካባቢ ስለሚሰማ ስሙን ከኩላሊት ወሰደ። ጠጠር ሲኖር ወይም ኢንፌክሽን ሲገባ ኩላሊት በእርግጥ ያማል። መድኃኒት ያመጣው ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት ስህተት ይሠራል፦ ወገቡን ሲያመው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ፣ ከገበያ ደግሞ የኩላሊት ዱቄት ይገዛል። ሕመሙ ይለቀዋል። ያስለቀቀው ዳይክሎፌናኩ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ወደ ዱቄቱ ይሄዳል፤ ያው ዳይክሎፌናክ ኩላሊቱን እየጎዳው እንደሆነም ሳያውቅ ሁለቱንም ይቀጥላል።

መድኃኒት ኩላሊትን የሚጎዳበት መንገድ አንድ አይደለም፤ የዕፅዋቱ ሙግት የሚነሳውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛ ያህሉ ወደ ኩላሊት ይሄዳል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርቶ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መልሶ ይመጥጠዋል። ውሃው ሲመጠጥ መድኃኒቱ በቱቦዎቹ ውስጥ ይወፍራል። ጄንታማይሲን በቱቦው የመጀመሪያ ክፍል ያሉ ሴሎች ውስጥ ገብቶ ይጠራቀማል፤ ሲበዛም ሴሉን ከውስጥ ያቃጥለዋል፤ ጉዳቱ በምርመራ የሚታየው ብዙውን ጊዜ መርፌው ከተጀመረ ከ5 እስከ 7 ቀን በኋላ ነው። ለካንሰር የሚሰጠው ሲስፕላቲንም ሴሉን በቀጥታ ይገድላል። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ውስጥ ያለው ቴኖፎቪርም በጥቂት ሰዎች ላይ እዚያው ቱቦ ውስጥ ችግር ይፈጥራል። በእነዚህ ሁሉ ጉዳት ውስጥ «ኦክሲዴሽን» የሚባለው ቃጠሎ ትልቅ ድርሻ አለው። ይህን ቃጠሎ የሚያበርዱ ንጥረ ነገሮች ያሏቸው ተክሎች በላቦራቶሪ ጥሩ ውጤት የሚያሳዩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና ኢንዶሜታሲን ግን በሌላ በር ነው የሚገቡት። ወደ ኩላሊት ማጣሪያ ደም የሚያስገባውን ጠባብ ቧንቧ ከፍቶ የሚይዝ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር አለ። እነዚህ መድኃኒቶች እሱን ያቆሙታል፣ ቧንቧው ይጠባል፣ ማጣሪያው ደም ያጣል። ውሃ የጠጣ ጤነኛ ሰው ይህን ይችለዋል። ተቅማጥ የያዘው፣ ሲያስመልሰው የዋለ፣ በጾም ቀኑን ሙሉ ውሃ ያልቀመሰ ወይም በኮምቦልቻ ሙቀት ሲሠራ ላቡን ያፈሰሰ ሰው ግን አይችለውም። ለጠበበ ቧንቧ ቃጠሎ አብራጅ ቅጠል ምን ያደርግለታል? ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በብዛት የሚዋጠው ደግሞ ይኸው የማስታገሻ ወገን ነው። ገዢው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ዕፅ ከያዘው ችግር ጋር አይገናኝም ማለት ነው።

አሁን ስለ አይጦቹ። «በጥናት ተረጋግጧል» የሚለው የሻጭ ቃል ፍጹም ውሸት አይደለም፤ ጥናቱ አለ፣ የተሠራው ግን በአይጥ ላይ ነው። የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ተክሉ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ውስጥ ለ72 ሰዓት ያህል ተዘፍዝፎ ይጣራል፣ ሜታኖሉ በማሽን እንዲተን ይደረጋል፣ የቀረው ወፍራም ጭምቅ ይደርቃል። አይጦቹ ለሳምንት ወይም ትንሽ ለበለጠ ጊዜ በየቀኑ ከ80 እስከ 100 ሚሊግራም በኪሎ ጄንታማይሲን ይወጋሉ። ለአዋቂ ሰው የተለመደው በቀን 5 ሚሊግራም በኪሎ መሆኑን ልብ ይሏል። ገሚሶቹ አይጦች ጭምቁን በ200 ወይም በ400 ሚሊግራም በኪሎ ይወስዳሉ። በመጨረሻ ክሬቲኒናቸውና ዩሪያቸው ይለካል፣ ኩላሊታቸውም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ አብሽ፣ ሽፈራውና የእርድ ንጥረ ነገር የሆነው ኩርኩሚን በእንዲህ ያለው ፈተና ጉዳቱን ሲቀንሱ ታይተዋል።

ሁለት ነገር ግን ከሱቁ ንግግር ውስጥ ይጎድላል። አንደኛው ጊዜው ነው። አይጡ ጭምቁን የሚጀምረው በአብዛኛው ከመድኃኒቱ በፊት ወይም አብሮ ነው። ክሬቲኒኑ ከፍ ብሎ፣ እግሩ አብጦ ወደ ገበያ የወጣ ሰው ያለበት ሁኔታ በእነዚያ ሙከራዎች አልተፈተነም። ሁለተኛው መጠን ነው። የአይጥን መጠን ወደ ሰው ለመቀየር በ6 አባዝቶ ለ37 ማካፈል የተለመደ ስሌት ነው። 400 ሚሊግራም በኪሎ በዚህ ስሌት ወደ 65 ሚሊግራም በኪሎ ይወርዳል። ለ60 ኪሎ ሰው 3.9 ግራም ጭምቅ ማለት ነው፤ ጭምቅ እንጂ ዱቄት አይደለም። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል 10 ግራም ጭምቅ ቢወጣ የሚያስፈልገው 39 ግራም ዱቄት በየቀኑ ነው። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ የቅጠል ዱቄት 2 ግራም ያህል ቢይዝ ወደ 20 ማንኪያ ሊሆን ነው። «ጠዋት አንድ ማንኪያ በሞቀ ውሃ» የሚለው የሱቁ ትእዛዝ አይጡ ካገኘው አንድ ሃያኛውን ይሰጣል። 20 ማንኪያ ልውሰድ የሚል ደግሞ ሆዱ ይፈታል፣ በተቅማጡ ውሃ ያጣል፣ ሊያድነው የፈለገውን ኩላሊት ራሱ ይመታዋል።

የላቦራቶሪውን ዘዴ ቤት ውስጥ ለመድገም የሚያስብም አለና ይነገር፦ ሜታኖል ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ለመጥረጊያና ለማንደጃ የሚሸጥ አልኮል ለዚህ አይሆንም። በአረቄ መዘፍዘፍም ጉበትን ከሚጫኑ መድኃኒቶች ጋር ሌላ ጣጣ ያመጣል።

ጥቁር አዝሙድ

ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ይህ ነው። በወሎ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ዳቦ ላይ ይነሰነሳል፣ ለጉንፋን በጨርቅ ተቋጥሮ ይሸተታል፣ ብዙ ቤተሰብም «ሐበተ ሰውዳ» ብሎ በሐዲስ የተነገረለትን ክብር ይሰጠዋል። ሥራ የሚሠራው ዋና ንጥረ ነገር ታይሞኪኖን ይባላል፤ የሚገኘውም በቀላሉ በሚተንነው የዘይት ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከፍሬው ከ1.5 በመቶ አይበልጥም፤ ዋናው የማይተንነው ዘይት ግን ከ30 እስከ 40 በመቶ ይሆናል። ይህን ያወቀ ገዢ ብዙ ስህተት ይቀርለታል። ፍሬውን በምጣድ መቁላት የሚፈለገውን ነገር በጭስ ማስወጣት ነው። ተፈጭቶ ወራት የከረመ ዱቄትም ሽታው ከጠፋ ጥቅሙ አብሮ ጠፍቷል።

ስለዚህ ፍሬውን በድፍኑ መግዛት ይሻላል። ጥሩው ፍሬ ጥቁር ሆኖ ብዙም አያብረቀርቅም፣ ጠርዝ ጠርዝ አለው፣ በመዳፍ ሲታሽ ሽታው አፍንጫ ይነካል፣ ሲታኘክ ይመራል። የሽንኩርት ዘር በመልክ በጣም ይመስለዋል፣ በቅልቅልም ይመጣል፤ ሲታሽ ያ ሽታ ስለሌለው ይለያል። ጥቂት ፍሬ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅም ጠቃሚ ነው። ውሃው ወዲያው ከጠቆረ ቀለም ተቀብቷል፣ ታች አሸዋ ከዘቀጠ ደግሞ የሚከፈለው ለአሸዋ ነው። በሙቀጫ የሚወቀጠው ለዕለቱ የሚበቃ ብቻ ይሁን።

ዘይቱ ላይ ጥንቃቄው ይበረታል። አንድ ኪሎ ፍሬ ያለ ሙቀት ሲጨመቅ በጥሩ ቀን 300 ሚሊሊትር አካባቢ ይሰጣል። ይህን ስሌት ይዞ በገበያው የአንድ ኪሎ ፍሬ ዋጋ ስንት እንደሆነ መጠየቅና ከጠርሙሱ ዋጋ ጋር ማስተያየት ነው። ዘይቱ ከፍሬው ዋጋ አንጻር እጅግ ከረከሰ ሌላ ዘይት ገብቶበታል። የፓልም ዘይት ከተቀላቀለበት የደሴ የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ያጋልጠዋል፤ ጠዋት ጠርሙሱ ይደፈርሳል ወይም ታች ይረጋል። ንጹሕ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በዚያ ብርድ ፈሳሽ ሆኖ ያድራል። ኑግ ከተቀላቀለበት ግን ብርዱ አያሳብቅም፤ የኑግ ዘይትም አይረጋምና። ያኔ የሚቀረው ምላስ ነው፤ እውነተኛው ጉሮሮ ላይ ይቆነጥጣል። ጠርሙሱ ጠቆር ያለ ብርጭቆ ይሁን፤ ታይሞኪኖን ብርሃን ያበላሸዋል። ሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ የተደረደረ ነጭ ፕላስቲክ ዋጋው ምንም ቢቀንስ አይገዛ።

በሰው ላይስ? በህንድ የስኳር በሽታ ኩላሊታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ከመደበኛ ሕክምናቸው ጋር በቀን 2.5 ሚሊሊትር ዘይት ለ12 ሳምንት ወስደው ውጤታቸው መሻሻሉ ተዘግቧል። ተስፋ ይሰጣል፤ የተጎዱት ግን በስኳር እንጂ በመድኃኒት አይደለም። በሌላ በኩል አንድ የስኳር ሕመምተኛ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ግራም የጥቁር አዝሙድ ጽላት ለ6 ቀን ወስዶ ኩላሊቱ ድንገት እንደቆመ በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። በአንድ ሰው ላይ የደረሰ ነገር ተክሉን አያስኮንንም፤ ግን «ተፈጥሮ ነው፣ አይጎዳም» የሚለውን አፍ ያዘጋል። በእኛ ግምት ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው በቀን ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተወቀጠ ፍሬ ከማር ወይም ከምግብ ጋር ቢወስድ አይከፋም። ግሊቤንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ ስኳሩ ሊወርድበት ይችላል፤ ደም ማቅጠኛውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሊደማ ይችላል፤ ነፍሰ ጡር ዘይቱን በማንኪያ አትጠጣ። የካንሰር መድኃኒት ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር፤ ኩላሊትን ከቃጠሎ የሚጠብቅ ነገር ዕጢውንም እንዳይጠብቀው የሚያሰጋ ነውና።

ሽፈራው

ከደቡብ፣ ከኮንሶና ከአርባ ምንጭ አካባቢ የሚመጣው ሽፈራው ጥሩ ምግብ ነው፤ ፕሮቲን፣ ካልሲየም፣ ብረት አለው። ጥሩ ዱቄት አረንጓዴነቱ ደማቅ ነው፤ ወደ ቡናማ ከሄደ ፀሐይ ላይ ደርቋል ወይም ቆይቷል። እርጥበት ይዞ የተጓጎለ፣ የሻገተ ሽታ ያለው ይጣል፤ አንዳንድ የሻጋታ መርዞች ራሳቸው ኩላሊት ይጎዳሉ። ሥሩና የሥሩ ልጣጭ መርዛማ ንጥረ ነገር ስላለበት «ሥሩ ይበረታል» የሚል ሻጭ ሲያጋጥም ትቶ መሄድ ነው።

ሽፈራው ላይ ያለን ትልቁ ተቃውሞ ፖታሲየሙ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ትርፉን ያስወጣል። የተዳከመ ኩላሊት ግን አያስወጣም፤ በተለይ ኤናላፕሪል ወይም ስፓይሮኖላክቶን የሚባሉትን፣ ፖታሲየም በሽንት እንዳይወጣ የሚይዙ የግፊትና የልብ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ላይ ፖታሲየሙ ተጠራቅሞ የልብን ምት ሊያቆም ይችላል። ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው «ለኩላሊት» ብሎ የሚገዛው ነገር ይህ መሆኑ ያሳዝናል። ሌላም አለ። በአሁኑ የኤች አይ ቪ ጽላት ውስጥ ያለው ዶሉቴግራቪር፣ እንዲሁም ሲፕሮፍሎክሳሲንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉ ጸረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ከካልሲየምና ከብረት ጋር ተጣብቀው በሚገባ ወደ ደም ሳይገቡ ይቀራሉ። ለዶሉቴግራቪር ከካልሲየምና ከብረት ማሟያዎች 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ የተለመደው ምክር ነው፤ ሽፈራው በብዛት የሚወስድም ይህንኑ ቢጠብቅ ይበጀዋል።

እርድ

ኩርኩሚን በአይጥ ላይ የሚሠራው በንጹሕ መልኩ፣ በብዙ መጠን ነው። የእርድ ዱቄት ውስጥ ያለው ኩርኩሚን ግን 3 በመቶ አካባቢ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 3 ግራም፣ ወደ 90 ሚሊግራም ይይዛል፤ ከዚያም አንጀት የሚያሳልፈው እጅግ ጥቂቱን ነው። ቁንዶ በርበሬ ሲጨመር መጠኑ ከፍ ይላል የሚባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያው ቁንዶ በርበሬ የሌሎች መድኃኒቶችንም መጠን በደም ውስጥ ከፍ ሊያደርግ ይችላል። እርድ ጠጠር የሚሠራው ኦክሳሌት የሚባል ንጥረ ነገርም አለበት። በየቀኑ በብዛት ለወራት የወሰዱ ሰዎች ኩላሊታቸው በኦክሳሌት ክሪስታል የተዘጋበት አጋጣሚ ተመዝግቧል፤ ጠጠር የነበረበት ሰው ይራቅ። ሲገዛ ድፍኑን ገዝቶ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ይመረጣል። በሌላ አገር፣ በባንግላዴሽ፣ ዱቄቱን ለማድመቅ ሊድ ክሮሜት የሚባል ቢጫ ቀለም ሲጨመርበት ተይዟል፤ ሊድ ደግሞ የታወቀ የኩላሊት ጠላት ነው። ከተገቢው በላይ የደመቀ ቢጫ አያማልል።

ከርከዴና የገብስ ውሃ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ከርከዴ የደም ግፊት ትንሽ ይቀንሳል፣ ሽንትም ያበዛል፤ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው በቀን በርካታ ብርጭቆ ከጠጣ ሊያዞረው ይችላል። የገብስ ውሃ የሚጠቅመው ውሃው ነው፤ ለዚህ ሲባል የሚጠጣ ከሆነ እሰየው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና አብሽ ወጥ ውስጥ ይቆዩ።

ስም የሌለው ቅይጥ

ይህን ግምገማ ማንበብ የጀመረ ሰው አንድ ነገር ብቻ ይዞ ቢሄድ ይህን ይያዝ። በሃይላንድ የተሞላ ጥቁር ፈሳሽ ወይም በጋዜጣ የተጠቀለለ ዱቄት «ሰባት ዓይነት ሥር አለበት» ተብሎ ሲሸጥ ችግሩ አንድ አይደለም።

የመጀመሪያው፣ ተክሉ ሌላ ሊሆን ይችላል። በቤልጅየም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለክብደት መቀነሻ በተሰጠ የቻይና ዕፅ ውስጥ በስም መመሳሰል አንዱ ተክል አሪስቶሎኪያ በሚባል ኩላሊት የሚመርዝ ተክል ተተክቶ ከ100 በላይ ሰዎች ኩላሊታቸው ተበላሽቷል፤ ብዙዎቹ እጥበት ወይም ንቅለ ተከላ አስፈልጓቸዋል፣ አንዳንዶቹም በኋላ የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። ይህ የሆነው በሐኪም እጅ፣ በክሊኒክ ውስጥ ነው። በእኛ አገር አንድ ስም በአንዱ ወረዳ ለአንድ ተክል፣ በሌላው ለሌላ ተክል ይሰጣል። ሥር ከደረቀና ከተፈጨ በኋላ ደግሞ አዋቂ የባህል ሐኪምም በዓይኑ አይለየውም።

ሁለተኛው፣ ተክሉ ትክክል ሆኖም ጎጂ ሊሆን ይችላል። ሬት በቅይጥ ውስጥ ከገባ በኃይል ያስቀምጣል፤ ውሃና ፖታሲየም አብረው ይወጣሉ፣ ኩላሊቱም ይደርቃል። ገዢው «ሆዴን አጠበልኝ» ብሎ ይደሰታል። እንዶድ የገባበት ደግሞ ከዚያ የከፋ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት ወንዝ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አይቶ ነው እንዶድ ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያገኘው። ቀንድ አውጣውን የገደለው ሳፖኒን የሴል ግድግዳ የሚያፈርስ ነገር ነው። ልብስ ያጠራል፤ ሰው ግን አይጠጣውም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያታልል ነው፤ ዱቄቱ ውስጥ የተፈጨ ዘመናዊ መድኃኒት ሊኖር ይችላል። በልዩ ልዩ አገሮች «ንጹሕ ዕፅ» ተብለው በተሸጡ ቅይጦች ውስጥ ዳይክሎፌናክና ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ተገኝተዋል። ምልክቱ ፍጥነቱ ነው። የከረመ የወገብ ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም በአንድ ሰዓት ውስጥ ጸጥ ካለ፣ ወይም በጥቂት ሳምንት ፊት ከተነፋና የምግብ ፍላጎት ከጨመረ ሥሩ ያደረገው አይምሰላችሁ። ያንን ዱቄት ለኩላሊቱ ብሎ የሚወስድ ሰው ኩላሊቱን የሚጎዳውን መድኃኒት በእጥፍ እየወሰደ ነው። ፊቱ የተነፋ ሰው ግን በአንድ ቀን በድንገት ከማቆሙ በፊት ሐኪም ይይ፤ ዴክሳሜታዞን ለሳምንታት ተወስዶ በድንገት ሲቆም ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ሊገዛ የሚችል የዕፅ ምርት ቢያንስ ይህን መያዝ አለበት፦ የተክሉ ስም፣ የትኛው ክፍል እንደሆነ (ቅጠል፣ ፍሬ፣ ሥር)፣ የክብደቱ መጠን፣ የአምራቹ ስምና አድራሻ፣ የምርት ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን። «ይፈውሳል» የሚል መድኃኒት ነኝ ባይ ከሆነ ደግሞ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡ ይጠየቅ። «ምስጢሩ የአባቴ ነው» የሚል መልስ ለባህል ሐኪሙ ክብር ሊሆን ይችላል፤ ለሚጠጣው ሰው ግን መረጃ አይደለም።

ኩላሊቱን በእርግጥ የሚጠብቀው

እዚህ ላይ ገንዘብ ብዙ አይወጣም፤ ትኩረት ነው የሚፈልገው። ዳይክሎፌናክ በቀን ከ150 ሚሊግራም አይለፍ፤ ከምግብና ከውሃ ጋር፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የሚወስድ የግፊት ሕመምተኛ ዳይክሎፌናክ ሲጨምርበት ሦስቱ ተባብረው ኩላሊቱን ሊያቆሙበት ይችላሉ፦ ዳይክሎፌናኩ የማጣሪያውን መግቢያ ያጠባል፣ ኤናላፕሪሉ መውጫውን ይከፍታል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይዱ ውሃውን ያስወጣል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጉበቱ ደህና ከሆነ ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ይሻለዋል። ትውከት ወይም ተቅማጥ ሲይዝ ዳይክሎፌናኩ ወዲያው ይቁም፣ ስለ ግፊት መድኃኒቶቹም በዚያው ቀን ሐኪም ይጠየቅ። አንድ ከረጢት ኦአርኤስ (የወጣውን ውሃና ጨው የሚተካ ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጦ መጠጣት ከየትኛውም የኩላሊት ዱቄት ይበልጣል። በረመዳንም ሆነ በዐቢይ ጾም የሚጾም ሰው እነዚህን መድኃኒቶች ከመጀመሩ በፊት ሰዓቱን ከባለሙያ ጋር ያስተካክል።

ጄንታማይሲን የታዘዘለት ሰው ክብደቱ በሚዛን ይለካ፤ በግምት አይሆንም። በቀን አንዴ መሰጠቱ ከሦስት ጊዜው ይልቅ ለኩላሊት ይቀላል፤ ሴሉ በአንድ ጊዜ የሚያስገባው መጠን ገደብ ስላለው ትርፉ በሽንት ይወጣል። ክሬቲኒን ከመጀመሩ በፊት፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ቀኑ ይታይ። ጆሮ መጮህ ወይም መዞር ከጀመረ መርፌው ሳይቀጥል ይነገር። በዚህ መድኃኒት ጉዳት ሽንት ላይቀንስ ይችላል፤ «ሽንቴ ደህና ነው» ማለት አያስተማምንም። ሲስፕላቲን የሚሰጠው በደም ሥር ብዙ ፈሳሽና ማግኒዚየም ተጨምሮ ነው፤ ኩላሊትን የሚያተርፈው እሱ ነውና ክፍለ ጊዜው ረዘመ ተብሎ ፈሳሹ ሳያልቅ አይነሳ።

የክሬቲኒን ወረቀት ሲነበብ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ላቦራቶሪዎች ከ0.6 እስከ 1.2 ሚሊግራም በዴሲሊትር ጤናማ ብለው ያትማሉ። ከመርፌው በፊት 0.8 የነበረ ሰው በአራተኛው ቀን 1.2 ቢሆን ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት የለም። አንድ ተኩል እጥፍ አድጓል ግን፤ በሕክምናው መለኪያ ይህ የኩላሊት ጉዳት ነው። በ48 ሰዓት ውስጥ በ0.3 መጨመርም እንዲሁ። ስለዚህ የድሮው ወረቀት አይጣል፤ አዲሱ ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ይታይ። ክሬቲኒን በግልጽ ከፍ እስኪል ድረስ የኩላሊት ሥራ እስከ ግማሽ ሊጠፋ ስለሚችል አነስተኛ ጭማሪ አይናቅ። ከምርመራው በፊት በነበረው ምሽት ጥብስ ወይም ቅቅል በብዛት የበላ ሰው ውጤቱ በሐሰት ሊጨምርበት ይችላል፤ ቀለል ያለ እራት ይሁን። ዶሉቴግራቪር የጀመረ ሰውም ክሬቲኒኑ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፤ ጉዳት ላይሆን ስለሚችል በራሱ መድኃኒቱን እንዳያቆም።

የ60 ኪሎ ሰው ሽንት በ24 ሰዓት ከ400 ሚሊሊትር፣ ማለትም ግማሽ ሊትር ከምትይዘው ሃይላንድ አራት አምስተኛ ካነሰ፣ ሽንቱ አረፋ ከያዘ፣ ፊቱ ጠዋት ወይም ቁርጭምጭሚቱ ማታ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ሲሄድም የሚውጣቸውን ጽላቶች በሙሉ፣ ከገበያ የገዛውንም ዱቄት ወይም ፈሳሽ ከነማሸጊያው ይያዝ። ሐኪም ይቆጣል ተብሎ ዕፁ ሲደበቅ መንስኤው በሌላ ነገር ይሳበባል፣ ሕክምናውም ወደዚያው ይሄዳል። መቼ እንደተጀመረ፣ በቀን ስንት ማንኪያ እንደተወሰደ፣ ተቅማጥ አምጥቶ እንደሆነ በወረቀት ተጽፎ ቢያዝ ለተረኛው ሐኪም ይበልጥ ይቀለዋል።